ዶክተር ቲጃኒ አል ማሂ፤ የአእምሮ ሕሙማን ባለውለታ



በእጅ እየተገለበጠች የምትደርሰን የዚህች መጽሔት አዘጋጆች በቅርቡ በላኩልኝ ደብዳቤ ስለ ካርቱም ከተማ ታሪክ አንድ ነገር እንድጽፍ ጠይቀውኝ ነበር። በደብዳቤው መጨረሻ ላይ ግን እግረ መንገዳቸውን ሌላ ወሬ ጨምረዋል። በካምፑ ውስጥ አንዲት እናት አእምሮዋ ታውኮ ሌሊት እየወጣች ወደ ሜዳው ስለምትሄድ፣ ዘመዶቿ ከጎጆዋ ምሰሶ ጋር በገመድ አስረዋት እንደሚያድሩ ጽፈውልኛል። ጎረቤቱም ገሚሱ «ጠበል ትጠመቅ»፣ ገሚሱ «ዛሯ ይለመንላት»፣ ገሚሱ ደግሞ «ወደ ሱዳኑ ሼክ እንውሰዳት» እያለ ይከራከራል አሉ። ሐኪም የሚል ቃል ያነሣ ሰው ግን አልነበረም። ይህን ካነበብሁ በኋላ ስለ ካርቱም ሕንፃዎችና ድልድዮች ልጽፍ ብነሣ ብዕሬ አልታዘዝ አለኝ። ስለሆነም ስለ ከተማው በመጻፍ ፋንታ የከተማው ልጅ ስለ ነበሩ አንድ ሐኪም ልጽፍላችሁ ወሰንሁ።

ይህን የምጽፈው ሪያድ ከሚባለው የካርቱም ሰፈር ነው። በከተማው የኖራችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ። ከጥቁር ዓባይ ወደ ደቡብ ገባ ብሎ፣ ሰፋፊ ግቢዎች ያሉበት፣ ብዙ እኅቶቻችን በቤት ሠራተኝነት፣ ብዙ ወንድሞቻችን በዘበኝነት እንጀራቸውን ያገኙበት ሰፈር ነው። በኤፕሪል 15 ቀን 2023 ጦርነት በከተማው ሲነሣ እኛም እንደ ሰፈሩ ሰው ተበተንን። በማርች 2025 ሠራዊቱ ካርቱምን መልሶ ከያዘ በኋላ ጥቂቶቻችን ተመለስን። እኔ ባለቤቶቹ ሸሽተው የሄዱበትን አንድ ግቢ እጠብቃለሁ። ሙያዬ ግን መምህርነት ነው፤ ከመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ወጥቼ ጥቂት ዓመት አስተምሬ ሳልጠግብ የተሰደድሁ ሰው ነኝ።

ይህን ርእስ ስመርጥ ከደሙ ንጹሕ ሆኜ አይደለም። ከጦርነቱ በፊት፣ በ2022፣ በዚሁ ሰፈር ሦስት ሆነን በአንድ የጓሮ ክፍል ስንኖር፣ ሀገር ቤት ሳለሁ ያስተማርሁት አንድ ወጣት ከገዳሪፍ መጥቶ ተጠጋን። ትምህርት የሚወድ፣ የእጅ ጽሑፉ ያማረ ልጅ ነበር። ሁለት ወር ያህል እንደ ቆየ እንቅልፍ አጣ። ከሰው ጋር መብላት ተወ። ማንም ሳይጠራው «አቤት!» ይል ጀመር። አንድ ሌሊት በሩን ከፍቶ ወደ አስፋልቱ ሲሮጥ መኪና ሊገጨው ለጥቂት ተረፈ። ያን ጊዜ እኔ፣ መምህሩ፣ የልብስ ማስጫውን ገመድ ፈትቼ እጁን ከአልጋው ብረት ጋር አሰርሁት። እስኪነጋ ድረስ «ጋሼ፣ ምን አጠፋሁ?» እያለ ሲጠይቀኝ አደረ። የምመልስለት አልነበረኝም።

ሲነጋ የጎረቤት ግቢ ዘበኛ የነበሩ አንድ ሱዳናዊ ሽማግሌ እንደ ልማዳቸው ሻይ ይዘውልን መጡ። የልጁን እጅ አይተው ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም ሻዩን መሬት ላይ አስቀምጠው ገመዱን በገዛ እጃቸው ፈቱ። «ይህ በሽታ ነው። ወደ ቲጃኒ ውሰዱት» አሉን። እኔ ቲጃኒ የአንድ ሼክ ስም መስሎኝ ነበር። ለካስ ኦምዱርማን ውስጥ ያለ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ስም ኖሯል። ልጁን ይዘን በድልድዩ ተሻግረን ሄድን። ተራችን እስኪደርስ በተቀመጥንበት ነው «ይህ ስሙ የተጻፈው ሰው ማን ነበር?» ብዬ የጠየቅሁት። ከዚያን ቀን ወዲህ ያነበብሁትንና ከሚያውቁ ሰዎች የሰማሁትን እነሆ አቀርባለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውልልኝ እለምናለሁ።

ልደትና ትምህርት

ዶክተር ቲጃኒ አል ማሂ በ1911 ካዋ በምትባል፣ ከካርቱም በስተደቡብ በነጭ ዓባይ ዳር በምትገኝ ከተማ ተወለዱ። ዘመኑ የማህዲስቶች መንግሥት በ1898 ወድቆ ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ ጥምር አስተዳደር ሥር የነበረችበት ነው። ዘመናዊ ትምህርት የሚፈልግ ሱዳናዊ ወጣት የሚመኘው በ1902 የተከፈተውን የጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ ነበር። እሳቸውም በዚያ ተምረው ወደ ኪችነር የሕክምና ትምህርት ቤት ገቡ። ይህ ትምህርት ቤት በካርቱም የተከፈተው በ1924 ነው። ለማነጻጸር ያህል በእኛ ሀገር የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተው በ1954 ሲሆን፣ የአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ ደግሞ በ1960ዎቹ የመጣ ነው። ጎረቤቶቻችን በዚህ ረገድ ቀድመውን እንደ ነበር ማወቅ አያስነውርም፤ መማር ለሚፈልግ ይጠቅማል እንጂ።

ዶክተር ቲጃኒ የሕክምና ትምህርታቸውን የፈጸሙት በ1935 ነው። ፋሺስት ጣልያን ሀገራችንን የወረረበት ዓመት መሆኑን አንባብያን ታስታውሳላችሁ። ወጣቱ ሐኪም ሥራ በጀመሩባቸው ዓመታት ወገኖቻችን ድንበር እየተሻገሩ ወደ ሱዳን ይሰደዱ ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1940 ከእንግሊዝ ወደ ካርቱም መጥተው፣ በጃንዋሪ 1941 ከዚሁ ምድር ተነሥተው ነው በኦሜድላ በኩል ወደ ሀገራቸው የገቡት። ይህን የማነሣው ካርቱም የሐበሻን ስደተኛ ማየት የጀመረችው በእኛ ዘመን እንዳልሆነ ለማስታወስ ነው።

ዶክተር ቲጃኒ ለጥቂት ዓመታት እንደ ማንኛውም የመንግሥት ሐኪም በልዩ ልዩ የሱዳን ከተሞች ካገለገሉ በኋላ በ1940ዎቹ መጨረሻ ወደ እንግሊዝ ሄደው የአእምሮ ሕክምናን አጠኑ። በጊዜው በአፍሪካውያን ሐኪሞች ዘንድ ይህን ሙያ የሚመርጥ አልነበረም ማለት ይቻላል። ቀዶ ጥገና ያስከብራል፤ የዓይን ሐኪም ይመሰገናል። የዕብድ ሐኪም መሆን ግን ከዕብድ ጋር መቆጠር ነበር። ከአህጉራችን ልጆች በዚህ ሙያ ቀድመው ከሠለጠኑት መካከል ስማቸው የሚጠራው እሳቸውና ናይጄሪያዊው ዶክተር ቶማስ ላምቦ ናቸው።

ከእሳቸው በፊት የነበረው ሁኔታ

የአንድን ሰው አገልግሎት ለመመዘን ከእሱ በፊት የነበረውን ማወቅ ያስፈልጋል። በሱዳን የአእምሮ ሕመምተኛ ሁለት መንገዶች ነበሩት። ሰው የሚያጠቃ ወይም ሰላም የሚያደፈርስ ከሆነ ከወንጀለኛ ጋር ወደ እሥር ቤት ይወሰዳል። የእንግሊዝ አስተዳደር ለዚህ ዓይነቱ ሰው ከእሥር ቤት የተሻለ ቦታ አላዘጋጀም ነበር። ጸጥተኛ የሆነው ደግሞ በቤተሰቡ እጅ ይቀራል፤ አቅም ያለው ቤተሰብ ወደ ፈኪ ወይም ወደ ሼክ ይወስደዋል።

ፈኪ የሚሉት የቁርአን ዐዋቂና ፈዋሽ ነው። የተቀደሰ ቃል በሰሌዳ ላይ ጽፎ ቀለሙን በውኃ አጥቦ ያጠጣል፤ በወረቀት ጽፎ ያጨሳል፤ በቆዳ ሰፍቶ ያሳስራል። ከካርቱም በስተምሥራቅ እንደሚገኘው እንደ ኡም ዳዋንባን ያሉ የታወቁ የሃይማኖት መንደሮችም ሕሙማንን ከነቤተሰባቸው ይቀበላሉ። ጠበላችንን፣ ክታባችንንና የደብተራውን ጭስ የምናውቅ እኛ ይህ ሁሉ እንግዳ አይሆንብንም። ልዩነቱ በመጽሐፉ እንጂ በተስፋው አይደለም። ደግሞም በእኛም በእነሱም ዘንድ ከጸሎቱ ጎን ሰንሰለት እንደሚገኝ መካድ አይቻልም። ጸሎቱ የሰውን ልብ ያሳርፋል፤ ሰንሰለቱ ግን እጅን ያቆስላል፣ ቁስሉም ይመረቅዛል። ሁለቱ አብረው ስለ ኖሩ አንድ መስለው ታዩ እንጂ አንድ አልነበሩም።

የባሕሪው ክሊኒክ

ዶክተር ቲጃኒ ከእንግሊዝ ተመልሰው በ1950 ገደማ በሰሜን ካርቱም፣ የከተማው ሰው ባሕሪ በሚለው ክፍል፣ ለነርቭ ሕሙማን የሚሆን ክሊኒክ አቋቋሙ። ስሙን ልብ በሉ። የዕብዶች ቤት አላሉትም። ሰው ራሱን እንደሚያመው፣ ሆዱን እንደሚያመው ሁሉ ነርቩን አመመው ተብሎ በእግሩ የሚመጣበት፣ ታክሞም ወደ ቤቱ የሚመለስበት ቦታ ነበር። ዙሪያውን በግንብ ታጥሮ ሰው ከገባ የማይወጣበት ትልቅ የዕብዶች መጠበቂያ መሥራት በዚያ ዘመን በአውሮፓ የተለመደ ነበር። ከአውሮፓ የተማረው ሐኪም ያን አልገለበጠም።

ይህ ሲሆን የሕክምናው መሣሪያ ምን ያህል ጥቂት እንደ ነበር ማሰብ ይገባል። ዛሬ በየአገሩ የሚታወቀው ክሎርፕሮማዚን የተባለው የአእምሮ መድኃኒት ለሕሙማን መሰጠት የጀመረው በ1952 በፓሪስ ነው። ክሊኒኩ ሲከፈት ድምፅ ለሚሰማው ሰው የሚሰጥ እንዲህ ያለ ክኒን በዓለም ላይ አልነበረም ማለት ነው። ስለሆነም የሐኪሙ ዋና መሣሪያ ማዳመጥ፣ ቤተሰቡን ማስረዳትና በሽተኛውን ከሰው አለመለየት ነበር። መድኃኒቱ ከመጣም በኋላ ይህ አልቀረም። በናይጄሪያም ዶክተር ላምቦ በ1954 በአቤኦኩታ አጠገብ በአሮ ሕሙማን ከዘመድ ጋር በመንደር ቤቶች እያደሩ ቀን ቀን ሆስፒታል የሚመላለሱበትን ሥርዓት ጀመሩ። ሁለቱ አፍሪካውያን ሐኪሞች በየአገራቸው ያሳዩት አንድ ነገር ነው፤ ዘመድ አጠገቡ ያለ ሕመምተኛ ግንብ አያስፈልገውም።

ሐኪሙና ዛር

አሁን እኛን በቀጥታ ወደሚመለከተው ጉዳይ እንመጣለን። ዶክተር ቲጃኒ ፈኪዎችንና የዛር ባለቤቶችን እንደ ብዙ ዘመናዊ ሐኪሞች ንቀው አልገፏቸውም። ልማዳቸውን አጠኑ፤ ስለ ዛርም ታሪክ ጻፉ። የሕዝቡን ፈዋሾች እንደ ባላጋራ ከመመልከት ይልቅ ከእነሱ ጋር መነጋገርንና ሕሙማንን መቀባበልን መረጡ።

ዛር ለሱዳን ከየት መጣ? ብዙ ተመራማሪዎች ምንጩን ወደ ኢትዮጵያ ያደርሱታል። ወደ ሱዳን በሰፊው የገባውም በ19ኛው ምዕተ ዓመት፣ በንግድና በባሪያ ፍንገላ መንገድ እንደ ሆነ ይታመናል። በሱዳን የዛር ሥርዓት ውስጥ ከሚጠሩት መናፍስት መካከል እስከ ዛሬ «ሐበሾች» የሚባሉ ወገን አሉ። እንግዲህ ከእኛ ሀገር በግድ የተነዱ ሴቶች ሀብትና ንብረት ይዘው አልመጡም፤ ሐዘናቸውንና የሐዘናቸውን መድኃኒት ግን ይዘው መጥተዋል ማለት ነው።

በሀገራችንም ይህ ጉዳይ በምሁራን ተጠንቷል። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1932 ጎንደር ተቀምጦ፣ መልካም አየሁ የተባሉ የታወቁ የዛር ባለቤት ዘንድ እየተመላለሰ ያየውን መዝግቧል። አሜሪካዊው ሳይመን ሜሲንግ ደግሞ በ1958 ባወጣው ጽሑፍ የዛርን ማኅበር እንደ አንድ ዓይነት የቡድን ሕክምና ተመልክቶታል። ነገሩን በአጭሩ ስንገልጸው እንዲህ ነው። በቤቷ ሰሚ ያጣች ሴት በዛር ቤት ስትገባ ሕመሟ ስም ያገኛል። እንደ እሷ ያሉ ሴቶች ይከቧታል፤ ቡና ይፈላል፤ ባሏና ዘመዶቿም ከዚያ በኋላ ይጠነቀቁላታል።

ዶክተር ቲጃኒ በዛር ውስጥ ያዩት ቁም ነገር ይህ ይመስለኛል። መንፈሱ አለ ወይስ የለም የሚለውን ክርክር ለባለቤቶቹ ትተው፣ ሰው ለምን ወደዚያ እንደሚሄድና ከዚያ ምን አግኝቶ እንደሚመለስ ጠየቁ። ከዚህ ግን ዛር ሁሉን ያድናል የሚል ትምህርት አይወጣም። እሳቸው ክሊኒክ የከፈቱ ሐኪም ናቸውና። ከበሮው የማይደርስበት ሕመም አለ፤ ክኒን የሚፈልግ፣ ለዓመታትም ሳይቋረጥ የሚፈልግ። የእሳቸው ብልሃት አንዱን ለማስገባት ሌላውን ማዋረድ አለማስፈለጉን ማወቃቸው ነው። የሚያምንበትን የተሰደበበት ሰው ወደ ክሊኒክ ተመልሶ አይመጣም። በገዛ ቃሉ የተጠየቀ ሰው ግን ይናገራል፤ የሚናገር ሰው ደግሞ ይታከማል። እኛስ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንል የለምን?

ከክሊኒኩ ወደ ሕዝብ ጤና

ሱዳን በ1956 ነጻ ከወጣች በኋላ የዶክተር ቲጃኒ ዝና ድንበር ተሻገረ። ከ1959 እስከ 1964 የዓለም ጤና ድርጅት ለምሥራቅ ሜዲትራኒያን አካባቢ ባለው ቢሮ፣ በግብፅ በእስክንድርያ፣ የአእምሮ ጤና አማካሪ ሆነው አገለገሉ። አንድ ሐኪም በቀን የሚያየው የተቆጠሩ ሰዎችን ነው። በዚህ ሥራቸው ግን የብዙ አገሮች መንግሥታት የአእምሮን ሕመም እንደ ወባና እንደ ሳንባ ነቀርሳ የሕዝብ ጤና ጉዳይ አድርገው እንዲመለከቱት ይመክሩ ነበር። ያን ጊዜ በአብዛኛው አፍሪካና ዓረብ አገር የጤና ጥበቃ በጀት ሲዘጋጅ ስለ አእምሮ የሚያስብ አልነበረም።

በኦክቶበር 1964 የካርቱም ሕዝብ አደባባይ ወጥቶ ከ1958 ጀምሮ ይገዛ የነበረውን የጄኔራል ኢብራሂም አቡድን ወታደራዊ መንግሥት አወረደ። ከዚያ በኋላ ርእሰ ብሔርነቱን በጋራ እንዲይዝ አምስት አባላት ያሉት የሉዓላዊነት ምክር ቤት ሲቋቋም ዶክተር ቲጃኒ ከአምስቱ አንዱ ሆነው ተመረጡ። እስከ 1965 አጋማሽም በዚሁ ሠሩ። የአእምሮ ሐኪም በአንድ አፍሪካዊ አገር የርእሰ ብሔርን ወንበር ሲካፈል ምን ጊዜም ብርቅ ነው። ከዚህ ይልቅ እኔን የሚደንቀኝ ወንበሩን ከለቀቁ በኋላ ወደ ሙያቸውና ወደ መጻሕፍታቸው መመለሳቸው ነው። በእኛ አካባቢ ወንበር ላይ የወጣ ሰው በሰላም ወርዶ ወደ ሥራው ሲመለስ ስንት ጊዜ አይተናል?

መጻሕፍት ካነሣን ዘንድ፣ ዶክተር ቲጃኒ እጅግ አንባቢና የጥንት ጽሑፎች ሰብሳቢ ነበሩ። ስለ ዓረቦች የሕክምና ታሪክ መጽሐፍ ጽፈዋል። የሰበሰቧቸው መጻሕፍትና የብራና ጽሑፎችም ለካርቱም ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ተላልፈዋል። በጃንዋሪ 1970 ገና ስልሳ ዓመት ሳይሞላቸው አረፉ። ድርሰቶቻቸው ተመርጠው በ1981 በአንድ መጽሐፍ ታትመዋል።

ሥራው ግን ከእሳቸው ጋር አልተቀበረም። የሙያ ልጃቸውና ተከታያቸው ዶክተር ጣሃ ባዐሸር ሥራቸውን በሱዳንም በዓለም ጤና ድርጅትም ቀጠሉ። በኦምዱርማን የተከፈተው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል በዶክተር ቲጃኒ ስም ተሰየመ። በ1970ዎቹ አጋማሽ የዓለም ጤና ድርጅት በተራ የጤና ጣቢያ የሚሠራ ጤና ረዳት ጥቂት ሥልጠና ቢሰጠው የአእምሮ ሕመምን ለይቶ ማከም ይችል እንደ ሆነ ለመመርመር ጥናት ሲጀምር፣ ከሌሎች አገሮች ጋር ሱዳን ተመረጠች። መልሱም «ይችላል» የሚል ሆነ። በ1978 በአልማ አታ በተደረገው ታላቅ የጤና ጉባኤም የአእምሮ ጤና ከመሠረታዊ የጤና አገልግሎት ክፍሎች አንዱ ሆኖ ተጠቀሰ።

በሀገራችን ይህ ሥራ ዘግይቷል። ለረጅም ዘመን ለመላው ኢትዮጵያ የነበረው ልዩ የአእምሮ ሆስፒታል የአዲስ አበባው አማኑኤል ብቻ ነበር። የአእምሮ ሐኪም ለመሆን የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ ወደ ውጭ አገር መሄድ ነበረበት። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ይህን ሙያ የሚያሠለጥን ፕሮግራም የተጀመረው በ2003 ነው። ከዚያ ወዲህ የሙያው ሰዎች ቁጥር ጨምሯል፤ በ2012ም የመጀመሪያው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ወጥቷል። ሆኖም በየገጠሩ ዛሬም ብዙ ገመድ አለ። በየካምፑም እንዲሁ።

ለእኛ የሚሆነው

ወገኖቼ፤ ታሪክ የምንጽፈው ለማወቅ ብቻ አይደለም። ስለዚህ ከዚህ ሰው ሕይወት ለካምፓችን የሚሆነውን ልናገር።

መጀመሪያ፣ አእምሮን የሚያውክ ሁሉ ዕብደት አይደለም። ወባ ወደ አንጎል ሲወጣ ያስቃዣል፤ ታይፎይድም እንዲሁ። የሚጥል በሽታ ሰይጣን አይደለም፤ በርካሽ ክኒን የሚገታ ሕመም ነው። በቅርብ የወለደች ሴት በድንገት ልቧ ሊሰወር ይችላል፤ ይህም የታወቀ፣ ፈጥኖ ከታከመም የሚድን በሽታ ነው። ስለዚህ ያች እናት ትኩሳት ያላት እንደ ሆነ፣ በቅርብም ወልዳ እንደ ሆነ ተጠይቃለችን? ወደ ካምፑ ክሊኒክ ሳትወሰድ ስለ ጠበል፣ ስለ ዛርና ስለ ሼክ መከራከሩ ቀኑን ያስመሻል እንጂ አያድናትም።

ሁለተኛ፣ ክሊኒክ መውሰድ ማለት ጠበሉን ማስተው ማለት አይደለም። ክኒኑን የምትውጥ እናት ልትጠመቅ፣ ልትጸልይ፣ ቡናዋንም ከወዳጆቿ ጋር ልትጠጣ ትችላለች። የዶክተር ቲጃኒ ትምህርት ይኸው ነው። ካህኑም፣ ሼኩም፣ የዛር እናቲቱም መድኃኒቱን እንዳታቋርጥ የሚመክሩ ቢሆኑ ከሐኪሙ እኩል ያገለግላሉ።

ሦስተኛ፣ ሌሊት ትጠፋለች የሚለው የዘመዶቿ ስጋት እውነተኛ ስጋት ነው። እኔም ያን ሌሊት ገመድ ያነሣሁት በክፋት አልነበረም፤ ደክሞኝ፣ ፈርቼና ብቻዬን ሆኜ ነው። እኔን የሚተካ አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ ገመዱ ባላስፈለገ። ስለሆነም የሚነቅፋት ዘመድ ሳይሆን የሚያግዛት ዘመድ ያስፈልጋል። በእድር ሬሳ ለመጠበቅ ተራ የምንገባ ሕዝብ፣ በሕይወት ያለችን እናት ለመጠበቅ ተራ መግባት አያቅተንም። በሌሊት ሁለት ሰው፣ በቀን አንድ ሰው ቢመደብ ይበቃል። በትምህርት ቤት ያላችሁ መምህራን ዝርዝሩን ማዘጋጀት ትችላላችሁ።

ስለ ተማሪዬ መጨረሻውን ልንገራችሁ። ክኒኑን ጀምሮ በሁለተኛው ወር ድምፁ ራቀለት። በየጊዜው በአውቶቡስ ወደ ኦምዱርማን እንመላለስ ነበር። ጦርነቱ ሲነሣ የከተማው ሆስፒታሎች አብዛኞቹ ሥራ አቆሙ፤ መድኃኒቱም ተቋረጠ። ሕመሙ ተመለሰበት፤ ወደ ምሥራቅ በተሰደድንበት መንገድ ላይ ብዙ ተቸገርን። በኋላ በአንድ የካምፕ ክሊኒክ መድኃኒቱን እንደ ገና አገኘ። ዛሬ ለልጆች ፊደል ያስቆጥራል። ይህን ጽሑፍ ከመላኬ በፊት ረቂቁን ልኬለት ፈቃዱን ጠየቅሁት። «ስሜን ተወው፣ ገመዱን ግን አትተወው» ብሎ መለሰልኝ። ስለዚህ አልተውሁትም።

ሻይ ያመጡልን ሽማግሌ ከጦርነቱ በኋላ ወዴት እንደ ደረሱ አላወቅሁም። የሚጠብቁት ግቢ በሩ ተገንጥሏል። እሳቸው ዶክተር ቲጃኒን ያወቋቸው እንደ እኔ ከመጽሐፍ አልነበረም። አንድ ሐኪም በሠራው ሥራ ምክንያት፣ ከሞተ ከሃምሳ ዓመት በኋላ፣ ፊደል ያልቆጠረ ዘበኛ የታሰረ ልጅ ሲያይ «ይህ በሽታ ነው» ለማለት በቃ። የሕዝብ ጤና አገልግሎት ማለት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ያች እናት ከተፈታች እባካችሁ በሚቀጥለው ደብዳቤ ጻፉልኝ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
ከወንድማችሁ መምህር፣ ሪያድ፣ ካርቱም